ጦስኝ ነው ይባል

ቡሬ ዙሪያ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቻላቸው፣

በድለኸኛል። ከሰላምታው በፊት ይህን የጻፍሁት ሰላምታው ቁጣዬን እንዳይሸፍነው ብዬ ነው። ስሜን ከተራ ጦስኝ ጋር አስረህ ለዓለም አሳይተሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ያቆምሁትን ስም በአንድ ገጽ አፍርሰኸዋል።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ከርመሃል? የሰው አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ቅዱስ ሚካኤል ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ ደኅና ነን። ክረምቱ መልካም ነበር፤ በቆሎውም በርበሬውም ይዟል።

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ጭኜ ቡሬ ገበያ ወጣሁ። ከሙሄዲን ሱቅ በር ላይ ጎረምሶች ተቀምጠዋል። አንዱ ተነሥቶ እጅ ነሣኝና፣

«አባ ገደፋው፣ ጦስኙን ስንት አሉት?» አለኝ።

«የምን ጦስኝ?»

«የእርስዎን ነዋ! ወጥ ላይ ነው የሚነሰነሰው ወይስ ሻይ ውስጥ?»

ሳቁ። ሙሄዲን ብቻ አልሳቀም፤ ወደ ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠኝና መምህር መሐሪን አስጠራው። መሐሪ አንተ በእንግሊዝኛ የጻፍኸውን ከስልኩ ላይ እያየ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። «በቡሬ አካባቢ አቶ ገደፋው እጅጉ የተባሉ የባህል መድኃኒት አዋቂ ለሆድና ለደረት ሕመም የሚሰጡት ስመ ጥር ቅጠል ተራ ጦስኝ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ተራ! ቃሉን ሁለት ጊዜ አስነበብሁት።

ከዱርቤቴ ድረስ በሽተኛ አዝሎ የሚመጣ ሰው አለ። ይህን ሲሰማ ምን ይላል? እኔ ፊደል የቈጠርሁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ቅጠሉንም ያገኘሁት ማንም ሳያሳየኝ በራሴ እግር ነው። ያስተማረኝ የለምና ነቀፋውን የማጋራውም የለኝም፤ ሁሉም እኔ ላይ ያርፋል።

ጽሑፉን አንሣ። ስሜን በጻፍህበት ቦታ ስሕተት መሆኑን ጻፍ። ከአንተ ብር አልለምንም። የማነብበት መነጽር ተሰብሯል፤ እሱንም ቢሆን ከአንተ አልፈልግም።

አጎትህ
ገደፋው እጅጉ


ሰጌድ፣ ሀንጋሪ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ ገደፋው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከባሕር ማዶ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። ለልጅዎ ለወይኒቱም፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ አንብቤ ስጨርስ ሥራ መሥራት አቃተኝ። «ተራ» የሚለው ቃል የእኔ ጥፋት ነው። ለማንም ተክል ሊባል የማይገባ ቃል ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ጭራሽ። ይቅር ይበሉኝ።

ነገር ግን ጋሼ፣ የመረመርኩት እርስዎ የላኩልኝን ነው። ቅጠሉን በእንፋሎት አፍልተን ዘይቱን እናወጣለን። ያ ዘይት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ የብዙ ሽታዎች ድብልቅ ነው። መሣሪያችን እያንዳንዱን ሽታ ለብቻው ይለየዋል፤ ከበረት በር አንድ በአንድ እንደሚወጡ ከብቶች እያንዳንዱ በተራው ይወጣል፣ እኛም ማን እንደሆነ እናውቀዋለን። ከእርስዎ ቅጠል የወጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ናቸው። ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኙት እነሱ ናቸው። ሳል ያበርዳሉ፣ ተሐዋስያን ይገድላሉ፤ የሚናቁ አይደሉም። ግን ጦስኝ ነው።

እኔ የእርስዎን ስም ላጠፋ አልተነሣሁም። እናቴ እንኳ ስትታመም ከሐኪም ክኒን ይልቅ የምታምነው የእርስዎን ቅጠል ነበር። እኔም በስልክ ባገኘኋት ቁጥር «የጋሼን ቅጠል እንዳታቋርጪ» እላት ነበር። ለቀብሯ ያልደረስኩ ልጅ ነኝ፤ ያችን ምክር ስለ መከርኳት እንኳ እጽናናለሁ።

ስለዚህ በትሕትና ልጠይቅዎ፦ ለእናቴ ይሰጧት የነበረውና ለእኔ የላኩልኝ አንድ ቅጠል ነውን?

መነጽሩን እየፈለግኩ ነው። እንደማይፈልጉት ጽፈዋል፤ እኔ ግን እልካለሁ።

ልጅዎ
ቻላቸው


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቻላቸው፣

በዓለ ጥምቀቱን በሰላም አሳልፈናል። አንተንም እግዚአብሔር በሰላም ያውልህ፣ በሰላም ያሳድርህ።

አንድ ቅጠል አይደለም። ለአንተ የላክሁት ከጅጋ ገበያ ከአንዲት ሴት የገዛሁት ጦስኝ ነው። እንግዲህ መሣሪያህ አልዋሸም። የዋሸህም የለም። ያልጠየቅኸው ነገር ነው ያልተሰጠህ።

መድኃኒት ለመጀመሪያ ጠያቂ እውነተኛው አይሰጥም። ይህን ረስተኸዋል ወይስ እናትህ አልነገረችህም? መጀመሪያ የጠየቀ ሰው ሌላ ቅጠል ይሰጠዋል፤ ይዞት ይሄዳል። በችኮላ የመጣ ከሆነ አይመለስም። ሁለተኛ የተመለሰ ይመረመራል። ሦስተኛ የጠየቀ ሰው አይከለከልም፤ ያን ጊዜ መከልከል ኃጢአት ነው፣ እውነቱ ይሰጠዋል። እኔም በጎልማሳነቴ አንድ ደብተራ ስለ ጤና አዳም አጠቃቀም ብጠይቃቸው ዓመት ሙሉ የእሬት ሥር ሲያስቈፍሩኝ ኖረዋል። አልተቀየምሁም፤ ተመለስሁ እንጂ።

አንተ አንድ ጊዜ ጠየቅህ። ወዲያው ዓለም ሁሉ በሚያነበው ላይ ጻፍህ። ለአንድ ቅጠል ሁለት ጊዜ ያልጠየቀ ሰው ምን ዓይነት ተማሪ ነው?

አሁን ሁለተኛ ጠይቀሃል። እያሰብሁበት ነው።

ወይኒቱ ከባሏ ቤት ከፍኖተ ሰላም መጥታ እኔ ዘንድ ናት። ሆዷን ይቈርጣታል፣ ምግብ አልወርድ ብሏታል። ቅጠሉን ጀምሬላታለሁ። ሴት ልጄን በጦስኝ የማክም ይመስልሃል?

አጎትህ
ገደፋው እጅጉ


ሰጌድ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ገደፋው፣

ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ወይኒቱንም ይማርልኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ለምን ልዋሽዎ። እዚህ ፕሮፌሰሬ ፊት ቆሜ «አጎቴ ሊፈትነኝ ከገበያ ገዝቶ ላከልኝ» ማለት ምን እንደሚመስል ያስቡት። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ለምን ደግመህ አልጠየቅህም?» አለኝ። የእርስዎን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ።

የታተመውን ማንሣት የምችለው ትክክለኛውን መርምሬ ሌላ ስጽፍ ነው። ያን ጊዜ ስምዎ በክብሩ ቦታ ይገባል። ስለዚህ ሦስተኛ እጠይቅዎታለሁ። እውነተኛውን ቅጠል ይላኩልኝ። እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚጠጣም ይጻፉልኝ፤ ሳልጠይቅ የምጽፈው ነገር ከእንግዲህ አይኖርም።

መነጽሩን አዲስ አበባ በሚሄድ ወዳጄ እጅ ልኬያለሁ። ሙሄዲን ዕቃ ሊያመጣ ሲወርድ ይቀበለዋል።

ልጅዎ
ቻላቸው


ቡሬ ዙሪያ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቻላቸው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። በግ ሲታረድ ድርሻህን እናትህ በነበረችበት ጊዜ እንደሚደረገው ለጎረቤት ሰጥተንልሃል።

ሦስተኛ ጠይቀሃል፤ እነሆ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ዘገየ። ሙሄዲን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ወርዷል።

ይህ ቅጠል የሚበቅለው በፈጣም ወንዝ ገደል ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ብቻ በሚያገኘው ጥግ። ከሩቅ ላየው ጦስኝ ይመስላል። ሽታው ግን ናና ነው፤ ከናናም የበረታ ነው። ገና ሳላየው አፍንጫዬ ይመራኛል። አበባ ሳያወጣ ይቈረጣል፤ ያን ጊዜ ነው ሽታው የሚጠነክረው። በጥላ ይደርቃል እንጂ ፀሐይ አያየውም፤ ፀሐይ ሽታውን ትሰርቀዋለች። ሽታው የበረታ መድኃኒቱ የበረታ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስሁበት። ሌሎች አዋቂዎች ከቅጠላቸው አንድ እፍኝ ሲዘፈዝፉ እኔ ሦስት እዘፈዝፋለሁ፤ ክዳኑን በሊጥ እመርገዋለሁ፣ ሽታው እንዳይወጣ። ታማሚው ጧት በባዶ ሆድ አንድ ስኒ ይጠጣል።

ሆድ ያረፈለት፣ ደረት የለቀቀለት ሰው ብዙ ነው። መሣሪያህ ይህን ይቊጠር።

ወይኒቱ ቁርጠቱ ተሽሏታል። አሁን ደግሞ ዓይኗ ትንሽ ቢጫ ብሏል። የወፍ በሽታ ነው፤ በመሸ ጊዜ ውጭ ስትወጣ ሽው ብሎባት ይሆናል። ለእሱም ስኒውን ወደ ሁለት አሳድጌላታለሁ። እናትህንም ወፍ ሲመታት እንዲሁ ነበር ያደረግሁላት፤ የእሷ ግን ቀኗ ደርሶ ነበር።

መነጽሩ ደርሷል። ገና አልሞከርሁትም።

አጎትህ
ገደፋው እጅጉ


ሰጌድ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ። ወይኒቱ ቅጠሉን ዛሬውኑ ታቁም። አንድ ስኒ እንኳ አትድገም። ቢጫው የወፍ በሽታ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ወስደው ጉበቷ ይታይ።

ደብዳቤዎ ከቅጠሉ ጋር ትናንት ነው የደረሰኝ። ወዲያው ለሙሄዲን ደወልኩ። መልእክቴን ቤትዎ ድረስ መጥቶ ሲነግርዎ «በስልክ የተነገረ ነገር አላምንም፣ ካለው ይጻፍ» ማለትዎን ነገረኝ። ስለዚህ እየጻፍኩ ነው፤ እሱ በስልኩ ተቀብሎ በፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ያመጣልዎታል። የእጅ ጽሑፌ ባይሆንም ቃሉ የእኔ ነው። ምልክት ይሆንዎ ዘንድ፦ በጅጋ ገበያ የተገዛውን ጦስኝ ነገር ከእርስዎና ከእኔ በቀር በዝርዝር የሚያውቅ የለም።

ሌሊቱን ሳልተኛ መረመርኩት። በዚህ ቅጠል ውስጥ ታይሞል የለም ማለት ይቻላል። ከዘይቱ እጅግ የሚበዛው ፑሌጎን የሚባል ነው። ያ እርስዎ የሚያመሰግኑት የናና ሽታ እሱ ነው። ቢያሸቱት አይጎዳም። ብዙ ሆኖ በየቀኑ ሲጠጣ ግን ጉበት ሊያጠፋው ሲታገል ይበልጥ ወደሚጎዳ ነገር ይለወጥበታል። ጉበት ሲጎዳ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሽታው እንዳያመልጥ በሊጥ የሚመርጉት፣ አበባ ሳያወጣ የሚቈርጡት፣ ሦስት እፍኝ የሚያደርጉት፣ ይህ ሁሉ ያንኑ ነው የሚያበዛው።

የመረመርኩት አንድ ጊዜ ነው። እደግመዋለሁ። እስከዚያ ግን ማንም አይጠጣው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእናቴ ዓይን ቢጫ የሆነው ቅጠሉን ከመጀመሯ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እኔ በስልክ ምን እላት እንደነበር ያውቃሉ።

ቻላቸው


ሰጌድ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ገደፋው፣

ጤና ይስጥልኝ። ጾመ ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ሁለት ወር ጠበቅኩ። ሙሄዲን ደብዳቤውን በእጅዎ እንደሰጠዎት ነግሮኛል። ቆመው አነበቡት፣ አጥፈው ኪስዎ ከተቱት፣ «ሻይ ጠጣ» አሉት። ወይኒቱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝታ እንደነበርም ሰማሁ። ማን እንደወሰዳት አላወቀም። እንዴት ናት? እባክዎ አንድ መስመር እንኳ ይጻፉልኝ።

ምርመራውን ደግሜዋለሁ። ውጤቱ ያው ነው። ስለ እናቴ ግን መሣሪያ ሊነግረኝ የሚችለው የለም። ሰው በብዙ ምክንያት ይሞታል። በመጨረሻው ወር በስልክ «አፌ መረረኝ፣ ቅጠሉን ልተወው ይሆን?» ብላኝ ነበር። እኔም ተቆጣኋት። ጋሼ ያውቃል አልኳት። ያን ጊዜ በትምህርቴ አራተኛ ዓመቴ ነበር፤ ስለ ዘይትና ስለ ጉበት የሚያስተምረውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ነበር የማናግራት። ምን ዓይነት ቅጠል እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም።

እርስዎን ልወቅስ አይደለም። ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ነው። የእናቴ ዓይን ቢጫ የሆነው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ልጅዎ
ቻላቸው


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቻላቸው፣

እንዴት ከርመሃል? እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ በሰው አገር ሰው ፊት አያቁምህ። እኛ ደኅና ነን። በቆሎው ደርሷል፤ በርበሬውን በሽታ መትቶታል፤ እህል ግን አይጎድልም።

ወይኒቱ ድናለች። ሙሄዲን ወረቀቱን ባመጣልኝ ቀን መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አደረግሁ። ደብዳቤህን ካነበብሁ በኋላ ሳላወልቀው ወደ ውጭ ጠራኋትና ዓይኗን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። በባዶ ዓይኔ ትንሽ ቢጫ ይመስለኝ የነበረው ትንሽ አልነበረም። መነጽሩ በደንብ ያሳያል።

ጧት በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወሰድኋት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «ምን ስትጠጣ ነበር አባቴ?» አለኝ። ነገርሁት። ስንት እፍኝ፣ በስንት ውኃ፣ ክዳኑ እንዴት እንደሚመረግ፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ነው፤ ሁለተኛ አላስጠየቅሁትም። መጠጣቱን ካቆመች ጉበቷ ራሱ ያገግማል አለ፤ እንዳለውም ሆነ። አሁን ባሏ ቤት ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣኛለችም፤ «አባዬ፣ ከእንግዲህ የምትሰጠኝ ውኃ እንኳ ቢሆን አስመርምሬ ነው» ትላለች። ትበል።

ከዚያ በየቤቱ ዞርሁ። ቅጠሉ ያለበትን ቤት አውቃለሁ። የቀረውን ሁሉ መለስሁ። አንዳንዱ አልሰጥም አለኝ፤ አዳነኝ እንጂ ምን አደረገኝ አለ። ምን ልበለው? መርዝ ነው ብለው አያምነኝም፤ ቅጠሉን እንዲያምን ያደረግሁት ራሴ ነኝና። ደግሞ ቅጠሉ ገደሉ ውስጥ እንዳለ ከሰማ እኔ በሌለሁበት ራሱ ወርዶ ይቈርጠዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ቅጥሩ በር ላይ ቆምሁ። «ወገኖቼ፣ የእኔ ቅጠል ጦስኝ ነው። የእህቴ ልጅ የጻፈው እውነት ነው። ከገበያ ግዙና በሻይ ጠጡት፤ ወደ እኔ መድከም የለባችሁም» አልሁ። ኋላ ያ የሙሄዲን በር ጎረምሳ፣ «አላልንም?» አለ፤ ሳቅ ሆነ። መምህር መሐሪ አንገቱን ደፋ። እኔ አልደፋሁም። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዱርቤቴ የሚመጡትም ሰምተዋል። ደጄ ባዶ ነው። ጧት ጧት ራሴ ጦስኝ አፍልቼ እጠጣለሁ፤ ክፉ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፍህን አታንሣ ብዬ አዝሃለሁ። ስሜ ያለበት ይቀመጥ። ጦስኝ ነው ይባል። ስለ ሌላው ቅጠል ጻፍ፤ መጻፍ አለብህ፤ ሽታው ምን እንደሚያደርግ ሐኪሞች ሁሉ ይወቁት። የሚበቅልበትን ቦታ ግን አትጻፍ፣ የእኔንም ስም አታስገባ። የተመሰገንሁበት ስም እዚያ ላይ ይቅር፤ የተሳቀበት ይበቃኛል።

በእናትህ በአቻምየለሽ መቃብር ራስጌ አሪቲ ተክያለሁ። ውኃ የምወስድለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲያጠጣው አልፈቀድሁም። በመጣህ ጊዜ ታየዋለህ። ቶሎ ና። ቤቴ ቤትህ ነው፤ አልጋህን ወይኒቱ መጥታ ታነጥፍልሃለች።

አንድ ነገር ቀርቷል። ስለ እናትህ ዓይን ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኛል። የቤታችንን ሥርዐት ነግሬሃለሁ፤ ሦስተኛ የጠየቀ አይከለከልም። ስለዚህ ሦስተኛውን አትጠይቀኝ። አንተ በስልክ ያልኸውንም ሁለተኛ አታንሣብኝ፤ እሷ የሰማችው አንተን ሳይሆን እኔን ነው፤ ልጅ እናቱን አጎትህን ስሚ ማለቱ ወግ ነው። ያን ሸክም አስቀምጠው፤ የአንተ አይደለም።

በዚህ ነገር የምጽፈው ይህ መጨረሻዬ ነው። በደብዳቤ አልጽፈውም፤ በመጣህ ጊዜም በአፌ አልናገረውም፤ ስሞትም ለንስሐ አባቴ እንጂ ለሌላ አልተወውም።

አጎትህ
ገደፋው እጅጉ